አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቁ አዛውንቶች ለአስተርጓሚ ምን ይጠቅማሉ?

ጥያቄ፦

የምኖረው በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ከሶልት ሌክ ሲቲ ብዙም በማትርቅ ከተማ ነው። አጥር ለአጥር የምንገናኝ ጎረቤቶቼ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሳቸው 71፣ ባለቤታቸው 68 ዓመታቸው ነው። ብዙዎቻችን በልማድ ሞርሞን የምንላት የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሲሆኑ፣ ባለፈው ዓመት «ለ18 ወር ሚሽን ተጠራን» ብለው ደስ እያላቸው ነገሩኝ። እኔ ሚሽን ሲባል የሚታየኝ ነጭ ሸሚዝና ከረባት አድርገው ሁለት ሁለት እየሆኑ በር የሚያንኳኩት ወጣቶች ብቻ ነበሩ። እነዚህ ግን ማታ ማታ ቤታቸው እየገቡ፣ ቀን ቀን የቤተ ክርስቲያኒቱን ጉባኤ የሚያስተረጉሙ ሰዎችን ያግዛሉ። የሚገርመው፣ ራሳቸው ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድም ቋንቋ አያውቁም።

ሳምንታቸውን በቅርብ አየዋለሁ። ሰኞ የቤታቸውን ጉዳይ ይሠራሉ፣ ማታ የልጅ ልጆቻቸው ይሰበሰባሉ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ማልደው ይወጣሉ። ባልየው የጆሮ ማዳመጫ ሲፈትሹ፣ የተረኞችን ሰሌዳ ሲያወጡ፣ በየአገሩ ላሉ አስተርጓሚዎች ሲደውሉ ይውላሉ። የንግግር ጽሑፍ ማባዛት፣ አሮጌውን ቅጂ መሰብሰብ፣ ውሃና ምግብ ማሰናዳት ደግሞ የሚስትየዋ ድርሻ ነው። አንድ ቀን ወረቀት ይዘው መጡ። አዲስ አበባ ያለች አስተርጓሚ «ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይመቸኛል» ብላ ጽፋላቸው ኖሮ፣ «ይህ ቀን ነው ሌሊት?» ብለው ጠየቁኝ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ክብ ሰዓት ሥዬ፣ የእኛ 1 የእነሱ 7 መሆኑን አሳየኋቸው፤ ጠዋት ይሁን ማታ ግን ራሷን እንዲጠይቋት ነገርኳቸው። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ለመጠየቅ ያነሣሣኝ የራሴ ጉዳይ ነው። በምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ለማይሰሙ ልጆቻችን ስብከቱን ወደ እንግሊዝኛ የምተረጉመው እኔ ነኝ። አንዳንድ እሑድ ከአንድ ሰዓት በላይ ብቻዬን እናገራለሁ፤ ሰባኪው ምን ሊናገር እንደሆነ ቀድሞ የሚነግረኝ የለም። ቤቴ ስገባ ድምፄ ይዘጋል፣ ራሴን ያመኛል፤ ልጆቹም ሲያዛጉ አያቸዋለሁ። ጎረቤቶቼ የሚሠሩት በእርግጥ የሚጠቅም ነው ወይስ ለአዛውንት ማሳለፊያ እንዲሆን የተፈጠረ? ይከፈላቸዋልን? ለእኛስ የሚተርፍ ነገር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦

የሚቀለውን ላስቀድም። ደመወዝ የላቸውም። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ለሚሽን ሲጠሩ የኑሯቸውን ወጪ የሚሸፍኑት ከራሳቸው ኪስ ነው፤ የአገልግሎታቸውም ዘመን እንደ አቅማቸው ከጥቂት ወራት እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ይደርሳል። ቢሮ፣ ቤተ መዛግብት፣ ሆስፒታል፣ የእርዳታ ሥራ፣ የመሳሰለው ሁሉ ይመደቡበታል።

ማሳለፊያ ነው ወይ ላሉት ግን ምላሼ ረዘም ይላል። በዚህ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ አስተርጓሚ የቋንቋ እውቀት አንሶት ከሚወድቅበት ጊዜ ይልቅ በዙሪያው ያለው ዝግጅት ጎድሎ የሚወድቅበት ይበዛል፤ ዝግጅቱ ደግሞ አብዛኛው ቋንቋ ማወቅን አይጠይቅም። ትጋትና ቆጠራ ይጠይቃል፣ እነዚህን ደግሞ ጎረቤቶችዎ አላጡም።

ጉባኤው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአውሮፓውያኑ ኤፕሪልና ኦክቶበር መግቢያ፣ ቅዳሜና እሑድ ይካሄዳል። የሚሰበሰቡበት እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው የጉባኤ ማዕከል ወደ 21,000 ሰው ይይዛል፤ ከአዳራሹ ውጭ በስርጭት የሚከታተለው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በጉባኤው ትርጉም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 በጀርመንኛ፣ በደች፣ በሳሞአኛና በስፓኒሽ ነበር። ዛሬ ቋንቋዎቹ ወደ 100 ይጠጋሉ፤ አማርኛም አንዱ ነው። አስተርጓሚዎቹ ግማሾቹ እዚያው ሆነው፣ ሌሎቹ ካሉበት አገር ሆነው ይሠራሉ። ይህን ያህል ቋንቋ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ደቂቃ ሲነሣ፣ ማን የት ተቀምጦ በየትኛው መስመር እንደሚናገር የሚቆጥር ሰው ከሌለ ሥራው በአንድ ጠዋት ይፈርሳል።

በወጥ ቤትዎ የሣሏቸው ሁለት ክብ ሰዓቶች እንዴት ያለ ውለታ እንደሆኑ ልንገርዎ። የጠዋቱ ስብሰባ በሶልት ሌክ ሲቲ 4 ሰዓት ላይ፣ እነሱ 10 በሚሉት ማለት ነው፣ ሲጀመር አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ስብሰባው ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ የአስተርጓሚዋ «ከ1 እስከ 3» ልክ ከእሱ ጋር ይገጥማል። የከሰዓት በኋላው ሲጀመር ደግሞ አዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል። ጎረቤትዎ «1» የሚለውን እንደ ራሳቸው አቆጣጠር አንብበውት ቢሆን ኖሮ፣ አስተርጓሚዋ ተዘጋጅታ በተቀመጠችበት ሰዓት የሚደውልላት አይኖርም ነበር። ሚስትየዋ ስላልገባቸው ነገር ጎረቤት ሄደው መጠየቃቸው፣ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ጠባይ እንዳላቸው ያሳያል። የገባው የሚመስለው ሰው ነው አደገኛው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የወረቀቱ ሥራ ነው፤ ይህን ለማየት ከራስዎ ልምድ ልነሣ። ሰባኪው እንዲህ ቢሉ፦ «አባቶቻችን በረሃብና በስደት መካከል፣ በእሳትና በሰይፍ ፊት ከእጃቸው ያልጣሉትን ሃይማኖት እኛ በዚህ በምቾት አገር፣ ልጆቻችን እያዩን…»። እስከዚህ ድረስ ሰምተው «እንተወዋለን» ይሁን «አንተወውም» ይሁን ወይስ «እንተወዋለንን?» አያውቁም፤ የአማርኛ ግሥ ከነአሉታው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛው ግን ግሡን የሚፈልገው ከመነሻው ነው። ስለዚህ ያለዎት ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ ዝም ብሎ መጠበቅና ቀጥሎ በሩጫ መድረስ፣ ወይም ገምቶ መጀመርና ሲሳሳቱ መመለስ። የልጆቹ ማዛጋት አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው፤ የሚሰሙት ዝምታና ሩጫ እየተፈራረቀ ነውና። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉሙትም የተገላቢጦሽ ሸክም አለባቸው፤ ቀድሞ የመጣውን ግሥ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ በልባቸው ይዘው መቆየት ግድ ይላቸዋል። ንግግሩ ከአንዱ የዘመን አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲሻገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ተናጋሪው ቤተ ክርስቲያናቸው የተመሠረተችበትን 1830 ሲጠሩ፣ አማርኛው «በአውሮፓውያን አቆጣጠር» የሚል ጭራ ካልጨመረ አዲስ አበባ ያለው አድማጭ ሌላ ዘመን ይረዳል፤ በእኛ 1822 ነውና።

የንግግሩ ጽሑፍ ቀድሞ እጅ ከገባ ይህ ሁሉ ይቀልላል። ዓይን ግሡን አስቀድሞ ያየዋል፤ ጥቅሱም ከታተመው መጽሐፍ ቃል በቃል ተፈልጎ ይቀመጣል። ሆኖም ጽሑፍ የራሱ ወጥመድ አለው። ተናጋሪ እስከ መጨረሻው ሰዓት ያርማል፣ መድረክ ላይ ቆሞም ከጽሑፉ ይወጣል። ትናንት የተሰጠውን ቅጂ የያዘ አስተርጓሚ፣ ተናጋሪው የሰረዙትን አንቀጽ ያላሉትን እንዳሉ አድርጎ ያነባል። ሚስትየዋ አሮጌውን ቅጂ መሰብሰባቸው ከሠሩት ሥራ ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ገጽ ቆጥሮ አሮጌውን ወስዶ አዲሱን መተካት ቀላል ይመስላል፤ የአንድ ገጽ መቅረት ግን ማይክሮፎን ላይ ነው የሚታወቀው።

ውሃውና ምግቡስ? እሱም ቀልድ አይደለም። ልምድ ያላቸው አሰናጆች በአስተርጓሚ ክፍል ውስጥ ሲጨመቅ የሚንጫጫ የፕላስቲክ ጠርሙስ አያስገቡም፤ በብርጭቆ ይቀዳል። ወረቀቱ በስቴፕለር አይያያዝም፤ ገጹ ሲገለበጥ ድምፁ በማዳመጫ ይሰማልና ነጠላ ነጠላውን በቀስታ ይንሸራተታል። አምባርና ሰዓት ይወልቃል። በክፍሉ ሁለት ሰዎች ይቀመጡና በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ይፈራረቃሉ፤ ተራ ያልደረሰው ሰው እያረፈ አይደለም፣ ቁጥርና ስም እየጻፈ ለጓደኛው ያቀብላል። ከዚያ በላይ ብቻውን የሚናገር ሰው እየደከመ መሆኑን ራሱ ሳያውቀው ስሕተቱ ይበዛል። የእርስዎን ድምፅ መዘጋትና ራስ ምታት እንግዲህ በዚህ ይመዝኑት።

ስለ ባልየው የምጨምረው አለኝ። ማዳመጫ ሲፈትሹ እያንዳንዱን መስመር ከፍተው ማዳመጣቸው አይቀርም። ሳሞአኛ አያውቁም፤ ነገር ግን ዝምታው ከአሥር ሰከንድ ማለፉን፣ ወረቀት መንኮሻኮሹን፣ የአስተርጓሚዋ ድምፅ መሻከሩን፣ በስፓኒሽ መስመር ላይ እንግሊዝኛ እየገባ መሆኑን ለመስማት ሳሞአኛም ስፓኒሽም ማወቅ አያስፈልግም። እንዲያውም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በነገሩ ተስቦ ድምፁን ይረሳል። ይህ ጥበብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1945 በተጀመረው የኑረምበርግ የጦር ወንጀለኞች ችሎት፣ በአራት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ሲተረጎም፣ ተናጋሪው ሲፈጥን ቢጫ መብራት፣ ፈጽሞ መቆም ሲገባው ቀይ መብራት ይበራለት ነበር። መብራቱ የሚበራው አስተርጓሚውን ከጎን ሆኖ የሚከታተል ሰው ስለነበረ ነው።

ወደ እርስዎ እንመለስ። በአበው ትርጓሜ ቤት እንኳ አንዱ ንባቡን ሲያነብ መምህሩ ይተረጉማል፤ ማንበቡንም መተርጐሙንም አንድ ሰው ብቻውን አይሸከመውም። እርስዎ ግን መስማቱን፣ መተርጐሙን፣ ጥቅስ መፈለጉንና ድምፅ ማስተካከሉን ለብቻዎ ተሸክመዋል። በመጀመሪያ፣ ከደብራችሁ ምእመናን አንድ ሰው ተመድቦ ዓርብ ማታ ለሰባኪው ይደውል፤ ሙሉ ጽሑፍ ባይገኝ እንኳ የዕለቱን ርእስ፣ ምዕራፍና ቁጥር፣ በግእዝ የሚጠቀሰውንና የሚነገር ቅኔ ካለ ቅኔውን ይቀበል። ቅኔን ያለ ዝግጅት መተርጐም አይሞከርም፤ ሰሙን ሲያስረዱ ወርቁ ያልፍዎታል፣ ሰባኪውም በዚያ መካከል ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሄዳሉ። ሰባኪዎች ጽሑፍ ሲጠየቁ አንዳንዴ ቅር ይላቸዋል፤ የሚናገሩት እግዚአብሔር በሰጣቸው መጠን እንደሆነ ይነግሩዎታል። አይከራከሩ፣ ምዕራፍና ቁጥሩን ብቻ ይለምኑ።

ሁለተኛ ሰው የግድ ያስፈልግዎታል። እንደ እርስዎ ባይተረጉም እንኳ አጠገብዎ ተቀምጦ የመጽሐፍ ቅዱሱን ጥቅስ በእንግሊዝኛ ገልጦ ጣቱን የሚያስቀምጥልዎ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግማሽ ድካምዎን ይወስዳል። ሌላው ወጣት ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥና፣ እርስዎ ሲቸገሩ በሰባኪው ዓይን ትይዩ ቢጫ ወረቀት ያንሣ፤ ሰባኪው አስቀድመው ከተነገራቸው አይቆጡም።

የመጨረሻው ሐሳቤ ትንሽ ያስገርምዎት ይሆናል። በጎረቤቶችዎ ላይ ጉድለት አድርገው ያዩት ነገር፣ ማለትም እንግሊዝኛ ብቻ ማወቃቸው፣ ለእርስዎ ትርጉም ከሁሉ የተሻለ ፈታኝ ያደርጋቸዋል። የእኛ ልጆች ከአማርኛው ቢያንስ ጥቂት ቃል ስለሚሰሙ፣ ከሰባኪው ፊትና ከእናታቸው ፊት ስለሚያነቡ፣ የጎደለውን በግምት ይሞላሉ። ሚስትየዋ ግን የሚደርሳቸው እርስዎ ያሉት ብቻ ነው። የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ አንድ እሑድ ይጋብዟቸው። የጉባኤያቸው ሳምንት እንዳይሆን ብቻ ቀኑን ይጠይቁ። ከኋላ ወንበር ላይ ማዳመጫ አድርገው ይቀመጡ፤ ወረቀትና እርሳስ ይስጧቸውና ያልገባቸውን ቃልና ዝምታ የበዛበትን ደቂቃ ብቻ እንዲጽፉልዎ ይለምኗቸው።