ሞስ ውስጥ ስለሚያድኑት ጥቃቅን ፍጥረታት ጠይቁኝ

ሞስ የምለው ክረምት ሲገባ ድንጋይና ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ነገር ነው። ውስጡ ስለሚያድኑት ጥቃቅኖች ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ ከአጥራችን ሞስ ውስጥ ጭራ የሌለው ጊንጥ አገኘሁ። የሩዝ ፍሬ እንኳ አያክልም። ልጆች ስላሉኝ ፈራሁ። የጊንጥ ግልገል ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። የጊንጥ ግልገል ሲወለድም ጭራ አለው። ያየሽው ሐሰተኛ ጊንጥ የሚባለውን ነው። ስምንት እግርና ሁለት መቆንጠጫ አለው፤ መንደፊያ ግን የለውም። በስንጥር ነካ ብታደርጊው ወደ ኋላ ይሸሻል። የብዙዎቹ መርዝ ያለው መቆንጠጫቸው ላይ ነው፤ ሰው አይጎዳም። አንዳንዱ ደግሞ የዝንብ እግር ቆንጥጦ ይዞ በነፃ ይጓዛል! እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። እባክሽ አትግደይው።

ጥያቄ፦ ስነካው ተፈናጥሮ የሚጠፋውስ?

መልስ፦ ኮሌምቦላ። እሱ አዳኝ ሳይሆን ታዳኝ ነው። እሱ በብዛት ካለ አዳኞቹም አይርቁም።

ጥያቄ፦ ቀይ ናት፣ አፏ የሾለ፣ በጣም ፈጣን። ሸረሪት ናት?

መልስ፦ ወገቧን እይ። የሸረሪት ወገብ ቀጭን ነው። የዚችኛዋ ካልቀጠነና እግሯ ስምንት ከሆነ ማይት ናት፣ የመዥገር ዘመድ። አፈ ሹሎቹ ያደኑትን በክር ያስራሉ።

ጥያቄ፦ ቀጭን ጥቁር ጢንዚዛ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ክንፉ አጭር የሆነስ?

መልስ፦ ስቴነስ ይመስለኛል። የታችኛው ከንፈሩን እንደ ቀስት ይወረውራል። ጫፉ ስለሚያጣብቅ ኮሌምቦላውን ይዞ ይመለሳል። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም።

ጥቁርና ብርቱካናማ እየተፈራረቀበት ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ የናይሮቢ ዝንብ የሚሉት ጢንዚዛ ሊሆን ይችላል። እሱም እርጥብ ቦታ ያድናል። አይናከስም፤ ሲጨፈለቅ ግን ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ቆዳህ ላይ ካረፈ አትምታው፤ እፍ በለው። ድንገት ከጨፈለቅከው ቶሎ በሳሙና ታጠብ፣ ዓይንህንም አትንካ።

ጥያቄ፦ ለማየት ምን ልግዛ?

መልስ፦ 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። ጭብጥ የማይሞላ ሞስ ነጭ ሳህን ላይ አራግፍና ጠብቅ። መጀመሪያ ሁሉም ድርቅ ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይንቀሳቀሳሉ። ያኔ እግር ቁጠር፣ ቀጥሎ አፉን እይ። ስትጨርስ ሞሱን ሳይደርቅ ካነሳህበት መልሰው።