ለአንድ ግቢ ስንት ውሻ?

ጥያቄ፦ ካራ አካባቢ የራሴ ግቢ አለኝ። ውሻዬ ወልዳ አሁን አምስት ሆነዋል። ባለፈው እንግዳ ሲወጣ በሩን ሳይዘጋው ሄደና አንዱ ውሻ ሾልኮ የጎረቤቴን ሦስት ዶሮዎች ጨረሰ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እማማ ነው የምላቸው። «ከሁለት ውሻ በላይ ክልክል ነው፤ ደንብ አስከባሪ ነው የምጠራብሽ» አሉኝ። እውነት ቁጥር ተወስኗል? ዶሮዎቹንስ እኔ ነኝ የምከፍለው?

መልስ፦ ከዶሮዎቹ ልጀምር፤ ገንዘብ የሚያስወጣዎት እሱ ነው። አዎ፣ ይከፍላሉ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱን ጭራሽ ባይጠብቀውም ያው ነው። «በሩን የከፈተው እንግዳ ነው» ማለት አያድንዎትም።

ሕጉ አንድ ቀዳዳ ትቷል። በቁጥር 2074 ባለቤቱ የቤት እንስሳውን ለተጎጂው ለቆ ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል፤ ጉዳቱ በእሱ ወይም እሱ ኃላፊ በሚሆንለት ሰው ጥፋት ካልመጣ። ዶሮ የጨረሰባቸውን ውሻ በገመድ እየጎተቱ ቢያስረክቧቸው እማማ ምን እንደሚሉ ግን እርስዎ ያውቃሉ። ባይሞክሩት ይሻላል።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ «ለአንድ ግቢ ይህን ያህል ውሻ» አይልም። የሚጠይቀው ጎረቤት ታውኳል ወይ ብሎ ነው። ቁጥር 1225 ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጩኸትንም መጥፎ ሽታንም ይከለክላል። የአካባቢውንም ልማድ ያያል። ካራ ላይ ውሻ ጅብ ሸቶት ቢጮህ ማንም አይገረምም። አምስቱ ተራ በተራ ሲያላዝኑ ካደሩ፣ ወይም የግቢው ሽታ አጥር ከተሻገረ ግን እማማ እውነት አላቸው። ጸጥ ያሉ አምስት ውሾች ያላስከሰሱትን፣ እንቅልፍ የሚነሳ አንድ ውሻ ሊያስከስስ ይችላል።

ደንብ አስከባሪ ከመጣ አይጣሉ። «በየትኛው ደንብ፣ በየትኛው አንቀጽ?» ብለው ይጠይቁ፤ ማስጠንቀቂያውንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል የተነገረ «ከሁለት በላይ» ላይ ተነስተው ውሻ አያስወጡ። ካራ ዳር ስለሆነ ግቢዎ በአዲስ አበባ ሥር ይሁን ወደ ሸገር ከተማ የገባ መሆኑን ካርታዎ ላይ ይዩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለቱም ጋ አንድ ነው፤ የከተማ ደንብ ግን የየራሳቸው ነው። (ኮንዶሚኒየም ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አምጡ እልዎት ነበር።)

ቡችሎቹን ለሚፈልግ ሰው ቢሰጡ ግማሹ ጭቅጭቅ ያልቃል። የሚቀሩትን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቡና ወረቀቱን ይያዙ። ዶሮ የነካ ውሻ ነገ ልጅ ቢነክስ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።

ካሳውን ነገ ዛሬ አይበሉ። እማማ ለመክሰስ ሁለት ዓመት አላቸው፤ እስከዚያ ተኳርፎ መኖር ለማንም አይበጅም። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ይዘው ቡና ሰዓት ላይ ይሂዱ። ዶሮዎቹ እንቁላል ጣይ ከነበሩ በጣይ ዋጋ ይክፈሉ፣ በሥጋ ዋጋ አይከራከሩ። ሲከፍሉም «የሦስት ዶሮ ካሳ ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የምትል አጭር ወረቀት ያስፈርሙ። ቀኑን ይጻፉባት፣ ሽማግሌውም በምስክርነት ይፈርሙ።