ነትክራከር በሰፈራችን፦ የቱን ላሳያት?

እህቴ፣ «ልጄ ባሌት ጀምራለች፤ ለገና ነትክራከርን ላሳያት ነበር፣ ግን እኛ የምናውቀውን ከተማ የሚያሳይ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አለ እንጂ! ነትክራከር ያው በገና ዋዜማ የለውዝ መስበሪያ አሻንጉሊት የተሰጣት ልጅ ታሪክ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሀብታም ቤት ሳሎን ይጀምራል፣ ከዚያ አሻንጉሊቱ ነፍስ ዘርቶ ከአይጦች ንጉሥ ጋር ይዋጋል። ዋሺንግተን አካባቢ ካለሽማ ሩቅ መሄድም አያስፈልግሽም።

ዋሺንግተን ባሌት ከ2004 ጀምሮ የሚያሳየው የዳንስ አቀናባሪው የሴፕቲም ዌበር ሥራ አለ። ታሪኩ የሚጀምረው ጆርጅታውን፣ በ1882 የገና ዋዜማ ግብዣ ላይ ነው። ነትክራከሩ ማን መሰለሽ? ጆርጅ ዋሺንግተን! የአይጦቹ ንጉሥ ደግሞ ዋሺንግተን የተዋጋው የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ። ቀጥሎ የቼሪ አበባው ይመጣል፤ ያው በየዓመቱ ተጋፍተን ፎቶ የምንነሳበት።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አንጀት የሚበላው የቺካጎው ነው። ክሪስቶፈር ዊልደን በ2016 ለጆፍሪ ባሌት ሲሠራው የሀብታሙን ሳሎን እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ባለታሪኳ ማሪ የስደተኛ ልጅ ናት። አባት የለም፤ እናቷ ለ1893ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን ሐውልት ትቀርጻለች። የገና ዋዜማው የሚከበረውም እዚያው ግንባታው ቦታ፣ የሠራተኛ ጎጆ ውስጥ ነው። ይሄ ለእኛ ቤት አይቀርብም ትያለሽ?

ልጅሽ ጃዝና ሂፕ ሆፕ የምትወድ ከሆነ ደግሞ የቦስተኑ የቶኒ ዊሊያምስ «ኧርባን ነትክራከር» አለልሽ። የነትክራከርን ሙዚቃ የደረሰው የቻይኮቭስኪና የጃዙ ሰው የዱክ ኤሊንግተን ሙዚቃ አንድ መድረክ ላይ ይገናኛሉ።

የቱንም ብትመርጪ የቀኑን ትርኢት ያዢ። የማታው ሁለተኛው ክፍል ሳይጀምር እንቅልፍ ይጥላታል።