ጀሪካን ስለፈነዳ ጥይቱ ጎበዝ ነው ማለት አይደለም

ሰላም ወንድሜ። ውሃ የሞሉ አራት ጀሪካኖች ደርድረህ በ9 ሚሊ ሽጉጥ ሁለት ዓይነት ጥይት ሞክረሃል። አንደኛው የፊተኛውን ጀሪካን አፈነዳው፣ እርሳሱም (ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረው የጥይቱ ራስ) እንደ አበባ ፈክቶ ተገኘ። ሌላው ሳይከፈት ሁሉንም በስቶ ወጣ። «የቱ ይሻላል?» ነው ያልከው። ይሄ ሙከራ ብቻውን መልሱን አይሰጥህም።

ጫፉ ክፍት የሆነ ጥይት፣ ሆሎ ፖይንት የምንለው፣ ውሃ በጉድጓዱ ሲገባበት ጠርዙን ገፍቶ ይከፍተዋል። ለእሱ ውሃ ቀላሉ ፈተና ነው። እኔም የፈኩ እርሳሶችን በብርጭቆ አጠራቅሜ ለሰው ሳሳይ ከርሜያለሁ። አንድ ቀን ግን አሮጌ ጂንስ አጥፌ ጀሪካኑ ፊት ሰቀልኩ። ከዚያው ፓኮ የወጣ ጥይት ሳይከፈት ዘልቆ ከኋላው ያለው አፈር ውስጥ ተቀበረ። ቆፍሬ ሳወጣው ጉድጓዱ በሰማያዊ ክር ተጠቅጥቋል። በመርፌ ነው ፈልቅቄ ያወጣሁት። ብርጭቆውን ያን ቀን ደፋሁት።

ቀጥሎ ወደ ጄላቲን ሄድኩ፤ ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ የሚረጋ፣ ጥይት የሚፈተንበት ልስልስ ነገር ነው፤ እዚያም ተሸወድኩ። ደረጃውን የጠበቀው ጄላቲን በክብደት 10 በመቶ ነው፤ 1 ኪሎ ዱቄት ለ9 ሊትር ውሃ። 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቀዝቅዞ ይቆያል። ከመተኮስህ በፊት ራሱ ጄላቲኑ ይፈተናል፦ ትንሽ የብረት ድብልብል በአየር ጠመንጃ፣ በሴኮንድ 180 ሜትር ገደማ ትተኩስበታለህ፤ 8.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ገብታ መቆም አለባት። እኔ ይሄን ዘልዬ ግማሽ ቀን ተኮስኩ። በኋላ ስፈትነው ድብልብሏ 12 ሳንቲ ገባች። ጄላቲኑ ሞቆ ልል ብሏል። የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ ገደል ገባ! ያለ ማቀዝቀዣ በክፍል ሙቀት የሚቀመጠው ጥርት ያለ ሰው ሠራሽ ጄልም ከዚህኛው ጋር አንድ አይደለም፤ የሁለቱን ቁጥር አታቀላቅል።

ጄላቲን ሥጋ ነው የሚልህም ካለ አትስማው። አጥንት የለው፣ ቆዳ የለው፣ ሳንባ የለው። አንዱን ጥይት ከሌላው በእኩል ሜዳ ለማወዳደር የሚሆን ሚዛን ነው፤ አለቀ። በስሎው ሞሽን ሲያብጥ የምታየው ትልቅ ክፍተትም አያታልልህ። በሽጉጥ ፍጥነት አብዛኛው መልሶ ይገጥማል። የሚለካው ጥልቀቱና የእርሳሱ ስፋት ነው።

ጥልቀት ለምን? በ1986 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ በነበረው የተኩስ ልውውጥ የአንዱ ተጠርጣሪ ክንድ ውስጥ ያለፈ የ9 ሚሊ ጥይት ደረቱ ገብቶ፣ ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውዬው ከዚያ በኋላም መተኮሱን ቀጠለ። ሁለት የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ) ባልደረቦች ሞቱ። የዛሬው የኤፍቢአይ መስፈርት የተወለደው ከዚያ ነው፦ ጄላቲን ውስጥ ከ30 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፤ በባዶ ጄላቲን ብቻ ሳይሆን በወፍራም ልብስ፣ በጣውላ፣ በመኪና መስታወትም አሳልፎ።

«ይሄ ጥይት ሰው ይጥላል» የሚለውን ደግሞ በሒሳብ እንየው። 8 ግራም እርሳስ በሴኮንድ 350 ሜትር ቢበርና 80 ኪሎ በሚመዝን ነገር ውስጥ ቢቀር፣ የሚገፋው በሴኮንድ 3.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚድህ ሕፃን ይቀድመዋል። በግፊት የሚጥል ቢሆን ኖሮ ተኳሹንም ይጥለው ነበር።

በተረፈ አንድ ጥይት ተኩሰህ አትፍረድ፤ ከእያንዳንዱ ቢያንስ አምስት ተኩስ። ፓኮው ላይ የተጻፈው ፍጥነትም ከአንተ ሽጉጥ በረዘመ አፈሙዝ ተለክቶ ሊሆን ይችላል። አጭር አፈሙዝ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ ሆሎ ፖይንቱ ላይከፈት ይችላል። ያ ያልተከፈተው ጥይትህ ሆሎ ፖይንት ነበር ወይስ ጫፉ ድፍን? የሽጉጥህ አፈሙዝስ ስንት ሳንቲ ነው? ሁለቱን ጻፍልኝና እንቀጥላለን።