ኮስቲክ ሶዳ በድሬ ሙቀት፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለ ኮስቲክ ሶዳ አያያዝ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ሳሙና የሚሠራበት፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ነው፤ ከዚህ በታች ባጭሩ «ሶዳ» የምለው እሱን ነው። ከሳሙና አምራቾች፣ ከመጋዘን ሠራተኞች፣ ከቤት እመቤቶችም ሳይቀር መጣልኝ። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ የኬሚካል መጋዘን ሠራተኛ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ ሳሙና የምናመርት ማኅበር ነን። የ25 ኪሎ ከረጢት ከፍተን ግማሹን ስንጠቀም ቀሪው ድንጋይ ይሆንብናል። ከሥሩም ውሃ ያወጣል። ሻጩ ሸውዶን ነው?

ሻጩን ተዉት፣ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ኮስቲክ ሶዳ እርጥበት ይስባል። ድሬ ደረቅ ናት ብላችሁ አትዘናጉ፤ ያለው እርጥበት ይበቃዋል። ከረጢቱ ክፍት ከዋለ መጀመሪያ ይጓጉላል፣ ከዚያ ራሱ በሳበው ውሃ ይሟሟል። ስለዚህ ከሥሩ የምታዩት ውሃ አይደለም። ቆዳ የሚያቃጥል የሶዳ ፈሳሽ ነው፤ በባዶ እጅ እንዳትነኩት።

ሌላም ነገር አለ። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ከፊሉ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል። አንድ ኪሎ ብላችሁ የመዘናችሁት ሁሉ ሶዳ አይደለም ማለት ነው። ሳሙናው አንዳንዴ አልያዝ የሚላችሁ በዚህም ሊሆን ይችላል።

ከረጢቱ በተከፈተበት ሰዓት የቀረውን ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ደረቅና ወፍራም የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ገልብጡት። በላዩ ላይ ስሙን በትልቁ ጻፉ። የጠጠረውን ደግሞ በመዶሻ አትፈልጡት። ፍንጣሪው ዐይን ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ውሃው ላይ ሶዳ ነው የሚጨመረው ወይስ ሶዳው ላይ ውሃ?

ሁልጊዜ ውሃው ላይ ሶዳ። በትንሽ በትንሹ፣ እያማሰላችሁ። ሲሟሟ ከባድ ሙቀት ያወጣል፤ ሶዳው ላይ ውሃ ካፈሰሳችሁ ባንድ ጊዜ ይፈላና ፊታችሁ ላይ ይረጫል።

እዚህ ላይ የድሬ ነገር ይጨመርበታል። ከጣሪያ ታንከር በቀትር የሚወርደው ውሃ ገና ሳይጀመር ሞቋል። ማሟሟቱን ለማለዳ አድርጉት፤ ውሃው ጥላ ሥር ያደረ ይሁን። ቦታውም ነፋሻ ይሁን፣ እንፋሎቱ ጉሮሮ ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ በብረት ድስት ብናሟሟውስ?

አይሆንም። ቤት ውስጥ ብረት ድስት የምንለው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ሶዳው አሉሚኒየሙን እየበላ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፣ እሱ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ዚንክ የተቀባ ባልዲም ያው ነው። ወፍራም ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ያለን ክፍል አንድ ነው። ሶዳ፣ የክሎሪን ዱቄትና አሲድ አብረው ተቀምጠዋል። የከፋ ነገር አለው?

አለው ወንድሜ። ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ያሳሰበኝ ይኼ ነው።

ሶዳና አሲድ ከተገናኙ በኃይል ይፈላሉ፣ ይረጫሉ። የክሎሪን ዱቄትና አሲድ ከተገናኙ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። አሲዱን ዛሬውኑ ከክፍሉ አውጡት። ሌላ ክፍል ከሌለ የሚቆለፍ ጥላ ይሠራለት። ፈሳሽ ነገር ከዱቄት በላይ ባለ መደርደሪያ አይቀመጥም፤ ካፈሰሰ የሚወርደው ዱቄቱ ላይ ነው።

ሶዳው ራሱ ሙቀት አይፈራም። የሚቀልጠው ከ300 ዲግሪ በላይ ነው፤ የእሱ ጠላት እርጥበት ነው። ሙቀት የሚፈራው የክሎሪን ዱቄት ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀኑን ሙሉ ሲጋገር ይበላሻል፣ ከባሰም ራሱን እያሞቀ ሊነድ ይችላል። ናፍጣ፣ ዘይት ወይም ቅባት የነካ ጨርቅ ካገኘ እሳት ያስነሳል። ስለዚህ ያላችሁን ቀዝቃዛና ነፋሻ ክፍል ለእሱ ስጡት። ጄኔሬተርና የናፍጣ ጀሪካን አጠገቡ አይድረሱ።

ከረጢቶቹን ፓሌት (ከወለል ከፍ የሚያደርግ መደላድል) ላይ አድርጉ፣ ከግድግዳም አርቁ። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ይኼን ለምን እንደምል ይገባዋል። መጋዘናችሁ ወንዙ ዳር ከሆነ ግን ፓሌት ብቻውን አይበቃም፤ ክረምት ሳይገባ ዕቃውን ከፍ ወዳለ ቦታ አዛውሩ።

ጨርቃ ጨርቅ ቤት የምትሠሩ ደግሞ ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይትን (ለማቅለሚያና ለማንጫ የምትጠቀሙበትን ዱቄት) ለብቻው አስቀምጡ። እርጥበት ሲነካው ግሎ ራሱ ይቀጣጠላል።

ጥያቄ፦ ቆዳ ላይ ሲደፋ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ያረክሰዋል ይባላል። እውነት ነው?

በሰውነት ላይ በፍጹም አታድርጉት። ኮምጣጤና ሶዳ ሲገናኙ ሌላ ሙቀት ይጨምራል። ፍለጋው የሚበላው ጊዜም አለ።

ደረቅ ዱቄት ከሆነ መጀመሪያ አራግፉት፣ የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ከዚያ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በብዙ ውሃ እጠቡ። ዐይን ከሆነ ሽፋሽፍቱን ከፍታችሁ ይዛችሁ ለ30 ደቂቃ አጥቡና በቀጥታ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል። «አላመመኝም» ብሎ መቀመጥ የለም። ሶዳ መጀመሪያ ላይ ላያም ይችላል፣ ግን ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይሄዳል። ዐይን ደግሞ ያጠፋል።

አሁን ዋናው ነገር። ድሬ ውስጥ ውሃ ትጠፋለች። ቧንቧ አለ ብላችሁ ከረጢት አትክፈቱ። ለዐይን ብቻ በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ብናስብ ለ30 ደቂቃ 45 ሊትር ነው። ለገላ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የትም አያደርስም። ቧንቧ የተገጠመለት፣ ንጹሕ ውሃ የሞላ የ200 ሊትር በርሜል ከሥራ ቦታው ጥቂት እርምጃ ላይ ይቀመጥ። ጥላ ሥር ይሁን፤ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ውሃ ለዐይን አይሆንም። ማንም ልብስ አይጠብበት፣ ማንም አይቅዳበት። በርሜሉ ባዶ ከሆነ የዚያን ቀን ሥራ የለም። አለቃ ይቆጣል? ይቆጣ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ጓንትና መነጽር አድርጉ ስላቸው በሙቀቱ አንችልም ይሉኛል። ሁሉም በሸበጥ ነው የሚሠራው። ምን ላድርግ?

አባባ፣ ልጆቹ የሚሉት ውሸት አይደለም፤ ያልባል፣ ይጨንቃል። ሰዓቱን ይቀይሩላቸው። ሶዳ የሚነካ ሥራ በንጋት ተጀምሮ ፀሐይ ሳትበረታ ይለቅ። መነጽሩ ግን ድርድር የለውም፤ ዙሪያውን የሚገጥም ይሁን። ጓንቱ ረጅም የጎማ እንጂ የቆዳ ወይም የጨርቅ አይሁን። ከከረጢት ሲገለበጥ የአቧራ ማስክ ያስፈልጋል። ቦት ጫማ ያድርጉ፣ ሱሪውም ከቦቱ ውጭ ይውረድ፤ ውስጥ ከገባ የፈሰሰው ሁሉ እግር ላይ ይጠራቀማል። ጫትም ምግብም ሥራ ቦታው ላይ አይገባም፤ በርጫው እጅ ከተታጠበ በኋላ፣ ሌላ ቦታ።

ለሠራተኞችም ልናገር፦ መከላከያውን ማቅረብ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው። የቀረበውን መጠቀም ደግሞ የእናንተ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሥራ ቦታው የሶዳ ፈሳሽ በሃይላንድ ቀድቶ ለቱቦ መክፈቻ አመጣ። ኩሽና ውስጥ ነው ያለው።

እህቴ፣ ይኼን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና ልጅ የማይደርስበት ቆልፊበት። ጓንት አድርጊ፣ ጠርሙሱን አታጋድሚው። ነገ እሱ ራሱ ወደ አመጣበት ይመልሰው። ድሬ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ ያየ ልጅ ውሃ ነው ብሎ ነው የሚያነሳው። አይበለውና የዋጠ ሰው ካለ አፉን አጉመጥምጡት። አታስመልሱት፤ ሲወጣም ዳግም ያቃጥላል። ሎሚም አትስጡት። በባጃጅም ቢሆን ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት፣ የዋጠው ምን እንደሆነም ንገሩ።

ጥያቄ፦ ወለል ላይ ቢደፋስ?

ሰው አርቁ፣ መከላከያ ልበሱ። በደረቁ፣ አቧራ ሳታስነሱ በፕላስቲክ አካፋ ሰብስባችሁ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ውሃ የምታፈሱት ለቀረው ብናኝ ብቻ ነው። ወለሉ ስለሚያዳልጥ ቀስ በሉ።

ጥያቄ፦ ባዶውን ከረጢት እህል መያዣ የሚሉ ሰዎች ይለምኑናል። አጥበን ብንሰጣቸውስ?

አትስጡ። ስፌቱና እጥፋቱ ውስጥ ሶዳ ይቀራል፣ መታጠቡም አያስተማምንም። ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ጓንት አድርጋችሁ ከላይ እስከ ታች ቅደዱት። የተቀደደውን ከሌላ ቆሻሻ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የሚያነሱላችሁንም ሰዎች ምን የነበረበት ከረጢት እንደሆነ ንገሯቸው።