የካርቦን ብስክሌት፦ ከአዲስ ብራንድ ልግዛ ወይስ ከነባር?

ጥያቄህ በአጭሩ ይህ ነው። ክብደትህ 78 ኪሎ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ረጅም አስፋልት ትነዳለህ፤ ውድድር አትገባም። የመጀመሪያህን የካርቦን ብስክሌት ልትገዛ ስትል ሁለት አማራጭ ገጠመህ። አንደኛው ስሙ ድሮ የታወቀ ኩባንያ የሠራው ሲሆን ሺማኖ 105 ዲአይቱ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማርሽና የአሉሚኒየም ቸርኬ አለው። ሁለተኛው በቅርብ ዓመታት የተነሣና በኢንተርኔት ብቻ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። በዚያው ዋጋ ከ105 አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን የሺማኖ ማርሽ አልቴግራ ዲአይቱን፣ የካርቦን ቸርኬ፣ ገመድና ቱቦ ሁሉ በውስጡ የሚያልፍ ወጥ የካርቦን መሪ ይሰጥሃል። «ለስም ልክፈል ወይስ ዕቃውን ልይ?» ብለህ ጠይቀሃል።

ዕቃውን እይ። ነገር ግን ከማርሹ አትጀምር። 105 ዲአይቱም አልቴግራ ዲአይቱም ከኋላ 12 ደረጃ ማርሽ ያላቸው ናቸው፤ ሁለቱም ማርሽ የሚቀይሩት በኤሌክትሪክ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በዋናነት የጥቂት መቶ ግራም ክብደት ነው፤ ጣትህ ላይ ብዙም አይታወቅህም። ቸርኬም ቢሆን ከዓመት በኋላ ሊቀየር ይችላል። አብረውህ የሚቆዩት ፍሬሙና ፎርኩ (የፊት ቸርኬውን የሚይዘው ሹካ) ስለሆኑ ምርጫህን እነሱ ላይ አድርግ።

የካርቦን ፍሬም አሁንም በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው። ሙጫ የጠጣ የካርቦን ጨርቅ በልክ ይቆረጣል፤ ብዙ ቁርጥራጭ በተወሰነ ቅደም ተከተልና አቅጣጫ በእጅ ይነባበራል፤ ከዚያ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከውስጥ በአየር እየተገፋ በሙቀት ይበስላል። አንዱ ቁራጭ አቅጣጫው ቢዛባ፣ ወይም በመሪው አንገትና በፔዳሉ ቋት (የፔዳሉ ዘንግ በሚዞርበት ቀዳዳ) አካባቢ ባሉት ጠባብ ማዕዘኖች ላይ ጨርቁ ቢሸበሸብ ወይም አየር ቢቀር፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ጥሩ ፍሬም ከመጥፎው የሚለየው በንብርብሩ ንድፍ፣ በሠራተኛው ጥንቃቄና ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት በሚደረግለት ፍተሻ ነው።

ሻጮች የክሩን ዓይነት እየጠሩ «ቲ1000 ካርቦን» ብለው የሚጽፉትን ማስታወቂያ ብዙ ቦታ አትስጠው። የጃፓኑ ክር አምራች የቶሬይ ቲ700 ክር 4,900 ሜጋፓስካል ያህል መጎተትን ይችላል፤ የግትርነት ልኩ 230 ጊጋፓስካል ነው። ኤም40ጄ የሚባለው ግን 377 ጊጋፓስካል ይደርሳል፤ በጣም ግትር ነው፣ ከመሰበሩ በፊት የሚለጠጠው ግን ከቲ700 ያነሰ ነው። ጥሩ መሐንዲስ ግትሩን ክር ግትርነት በሚፈለግበት፣ ቻዩን ደግሞ መመታት በሚበዛበት ቦታ ያደርጋል። የአንዱን ክር ስም ብቻ የሚነግርህ ሻጭ ስለ ፍሬሙ የነገረህ እጅግ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። «አዲስ ብራንድ» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የራሳቸው መሐንዲሶችና ፋብሪካ ያላቸው፣ ወይም ለሌሎች ሲሠሩ ኖረው በራሳቸው ስም የወጡ አሉ። ዛሬ ነባር የምንለው የታይዋኑ ጃያንት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1972 ተቋቁሞ መጀመሪያ የሠራው ለሌሎች ብራንዶች ነበር። የፈረንሳዩ የስፖርት ዕቃ ሻጭ የዴካትሎን ብራንድ የሆነው ቫን ራይሰል እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ፣ የቻይናው ኤክስዲኤስ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ በከፍተኛው የባለሙያዎች ውድድር ላይ ቡድን ያስነዳሉ። ከእነዚህ ሌላ ከአንድ ፋብሪካ የተዘጋጀ ፍሬም ገዝተው ስማቸውን ብቻ የሚለጥፉ አሉ። ይህም በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ነገር ግን ፍሬሙ ቢሰነጠቅ ለምን እንደተሰነጠቀ ሊመልስልህ የሚችል መሐንዲስ በቤታቸው የለም። የታወቀ ብራንድ ስም በሐሰት የተጻፈበትን ፍሬም ግን በምንም ዋጋ አትንካ፤ ከእንደዚያ ዓይነቱ ፎርክ ጋር ቁልቁለት መውረድ ሕይወትን መስጠት ነው።

ነባር ስም ከስህተት አያድንም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በቤልጂየም ለ ሳሚን ውድድር ላይ የሆላንዳዊው ተወዳዳሪ የማቲዩ ቫን ደር ፑል ብስክሌት፣ የጀርመኑ ካንየን ኩባንያ ኤሮድ፣ እየነዳው ሳለ መሪው ተሰበረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ስፔሻላይዝድ ታርማክ ኤስኤል7 የተባለውን ብስክሌት ለጥገና ጠራ፤ ምክንያቱም ከመሪው በታች ያለችው ማጥበቂያ ቀለበት የፎርኩን አንገት (ወደ መሪው የሚወጣውን ቱቦ) ልትጎዳ ትችል ነበር። እኔ ግን ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የማየው ከስብራቱ በኋላ የሆነውን ነው። ካንየን ደንበኞቹን «አትንዱ» ብሎ ክፍሉን እንደ አዲስ ነድፎ ተካ፤ ስፔሻላይዝድም ቀለበቷን ለወጠ። ለነባር ስም የምትከፍለው ትርፍ ገንዘብ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው፤ ችግር ሲመጣ ማን እንደገዛ የሚያውቅ፣ ፈልጎ የሚያገኝህና ክፍሉን የሚልክልህ ድርጅት መኖሩ። አዲሱ ኩባንያ ይህን ካሟላ ስሙ ስላልታወቀ ብቻ አትናቀው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ለሁለተኛው ሻጭ በጽሑፍ ጠይቀው። ይህ ሞዴል፣ ፎርኩም ጭምር፣ አይኤስኦ 4210 በተባለው ዓለም አቀፍ የብስክሌት ደኅንነት መስፈርት ተፈትኗል? የፈተናውን ሪፖርት ማየት እችላለሁ? «የዩሲአይ (የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር) ማረጋገጫ አለው» ብሎ ቢመልስልህ መልስ አልሰጠህም፤ ያ ምልክት ፍሬሙ ለውድድር የተፈቀደውን ቅርጽና ልክ መጠበቁን እንጂ ጥንካሬውን አይመሰክርም። ፍሬሙና ቸርኬው ስንት ኪሎ እንደሚችሉ ጠይቅ፤ 78 ኪሎህ ላይ ብስክሌቱን፣ ውኃውንና ቦርሳውን ደምርበት።

ቀጥሎ ስለ መለዋወጫ። እኔ ይህን ከሁሉም አስቀድማለሁ፤ ጥሩ ብስክሌት ያለ ሥራ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ዕቃ ጠፍቶ ነውና። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የሚታሰርባት ማንጠልጠያ ዩዲኤች የተባለው የጋራ ልክ ከሆነች በብዙ ቦታ ታገኛታለህ። የፔዳሉ ቋት እንደ ቡሎን በጥርስ እየዞረ የሚጠብቅ ከሆነ (ልኮቹ ቢኤስኤ ወይም ቲ47 ይባላሉ) ደስ ይበልህ፤ በግፊት የሚገባው በትክክል ካልተሠራ መንጫጫት ያመጣል። የኮርቻው ዘንግ የብራንዱ ብቻ የሆነ ልዩ ቅርጽ ካለው ዘንጉንና ማጥበቂያውን ተጨማሪ አስልክ። የአንገቱን ኩሽኔታ ልክ በጽሑፍ ተቀበል።

ያ ያማለለህ ወጥ መሪ ግን ያሳስበኛል። ርዝመቱ ወይም ስፋቱ ካልተስማማህ የሚቀየረው ሙሉው ነው። ቱቦዎቹ በላይኛው ኩሽኔታ ውስጥ ስለሚያልፉ ያችን ርካሽ ኩሽኔታ ለመቀየር ብቻ የፍሬን ቱቦ ፈትቶ፣ መልሶ ዘይት ሞልቶ፣ አየር ማስወጣት ይጠይቃል። የመጀመሪያ ብስክሌትህ ስለሆነ ትክክለኛ ልክህን ገና አላወቅኸውም። «52» ወይም «54» የሚለው ቁጥር ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ የሁለቱንም ፍሬሞች ስታክና ሪች (ከፔዳሉ ቋት እስከ መሪው አንገት አናት ያለውን ከፍታና ወደ ፊት ያለውን ርቀት) ከሠንጠረዡ አውጥተህ አወዳድር፤ ተመችቶህ የምትነዳው ብስክሌት ካለ ከእሱም ጋር አስተያየው።

ዋስትናውንም አንብብ። ብዙ ነባር ኩባንያዎች ፍሬሙን ለመጀመሪያው ገዢ ዕድሜ ልክ ይዋሱለታል። ከአዲሱ ጋር ማጣራት ያለብህ የዓመቱን ብዛት ብቻ አይደለም፤ የተበላሸውን ፍሬም መልሶ ለመላክ ማን እንደሚከፍል፣ መሪውና ቸርኬው በዋስትናው ውስጥ ይካተቱ እንደሆነና ወድቀህ ብትሰብረው በቅናሽ ይተኩልህ እንደሆነ ጭምር ነው።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ሁለተኛው ሻጭ የፈተናውን ሪፖርት ካሳየኝ፣ መለዋወጫውን ከሸጠልኝና መሪውን በተለያዩ ልኮች ካቀረበልኝ እሱን እገዛ ነበር፤ በእርግጥም በተመሳሳይ ዋጋ ብዙ ዕቃ ይሰጥሃል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን 105 ያለውን ወስደህ ቸርኬውን ቆይተህ ቀይር። በሳምንት ሦስት ቀን ለሚነዳ ሰው በመለዋወጫ እጦት የሚቆም አልቴግራ ምንም አይጠቅምም።

የትኛውንም ብትገዛ ከካርቶን አውጥተህ ወዲያው አትንዳ። መሪውን አውርደህ በፎርኩ አንገት ውስጥ ያለው መወጠሪያ መሪው በሚጨብጥበት ከፍታ ላይ መቀመጡን እይ፤ ባዶ የካርቦን ቱቦ ላይ ቡሎን ማጥበቅ አደገኛ ነው። ቡሎኖቹን በላያቸው የተጻፈውን የኒውተን ሜትር ልክ በሚያሳይ ቁልፍ አጥብቅ፤ የኮርቻ ዘንግ ላይ ግሪስ ሳይሆን ለካርቦን የተሠራውን ሸካራ ቅባት ተጠቀም። በፎርኩ አንገት ላይ የስንጥቅ መስመር ካየህ ወይም ቱቦውን በሳንቲም ስትመታው አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ደንዘዝ ካለ፣ ፎቶ አንሥተህ በዚያው ቀን ለሻጩ ላክ፤ መልስ እስኪመጣ ድረስም አትንዳው።