ከታወቁት አልበሞች ወዲያ፦ ስለ ፕሮግረሲቭ ሮክ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(ፕሮግረሲቭ ሮክ ረጃጅም ቅንብርና ያልተለመደ ምት የሚወድ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄ፦ ፒንክ ፍሎይድ፣ «የስ» እና ጀነሲስ የተባሉትን ባንዶች ደጋግሜ ሰምቼ ጠግቤያለሁ። ሌላ ስፈልግ የማገኘው ዝርዝር ሁሉ እነዚያኑ አሥር አልበሞች መልሶ ያቀርብልኛል። ከዚህ ወዲያ በየት በኩል ልሂድ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዝርዝሩን ይተዉና ሙዚቀኛውን ይከተሉ። የዚህ ሙዚቃ ተጫዋቾች ከባንድ ባንድ ሲዘዋወሩ የኖሩ ናቸው፤ አንዱን ሰው ተከትለው ከሄዱ ጆሮዎ የለመደውን አጨዋወት አዲስ ቤት ውስጥ ያገኘዋል።

ከእንግሊዟ ካንተርበሪ ከተማ እንነሣ። የካራቫን ባንድ «ኢን ዘ ላንድ ኦፍ ግሬይ ኤንድ ፒንክ» (1971) ጥሩ መግቢያ ነው፤ የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ከ22 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ አንድ ቅንብር ብቻ ይዟል። እዚያ ላይ ቤዝ የሚጫወተውና የሚዘፍነው ሪቻርድ ሲንክሌር ቀጥሎ ሃትፊልድ ኤንድ ዘ ኖርዝ ገባ፤ የመጀመሪያ አልበማቸው በ1974 ወጣ። የዚህ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ዴቭ ስቱዋርት ደግሞ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይመራዎታል፦ ወደ ኋላ ኤግ («ዘ ፖላይት ፎርስ»፣ 1971) እና ካን («ስፔስ ሻንቲ»፣ 1972)፣ ወደ ፊት ናሽናል ሄልዝ (1978)። በአንድ አልበም ሰበብ አራት አዲስ አገኙ ማለት ነው። ከአራቱ ኤግን መጀመሪያ አይክፈቱት፤ ጊታር የሌለበት፣ ኦርጋኑ ጠንከር ያለ ሙዚቃ ስለሆነ ያልለመደውን ሰው ያርቃል። «ስፔስ ሻንቲ»ን ያስቀድሙ፤ የስቲቭ ሂሌጅ ጊታር እጅዎን ይዞ ያስገባዎታል።

ሁለተኛው መንገድ በአገር መሄድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከጣሊያን የሚሻል አናውቅም። የእንግሊዞቹ ባንድ ቫን ደር ግራፍ ጄኔሬተር «ፖውን ሃርትስ»ን በ1971 ሲያወጡ አልበሙ በአገራቸው የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ እንኳ አልገባም፤ ጣሊያን ውስጥ ግን አንደኛ ወጣ። እንዲህ ያለ አድማጭ ያለበት አገር የራሱን ባንዶች ማብቀሉ አይቀርም። በፕሬሚያታ ፎርኔሪያ ማርኮኒ «ፔር ኡን አሚኮ» (1972) ይጀምሩ፤ ዜማው ለስላሳ፣ ቅንብሩ ግን ጥልቅ ነው። ቀጥሎ የባንኮ «ዮ ሶኖ ናቶ ሊቤሮ» (1973)፣ ከዚያ የሙዜዎ ሮዘንባህ «ዛራቱስትራ» (1973)። የኢል ባሌቶ ዲ ብሮንዞ «ኢስ» (1972) ድንቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ጨለም ያለና የሚያስጨንቅ ስለሆነ ለአራተኛ ያቆዩት።

ሲገዙ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የዚያው የፎርኔሪያ ማርኮኒ «ፎቶስ ኦፍ ጎስትስ» (1973) አብዛኛው «ፔር ኡን አሚኮ» በእንግሊዝኛ ግጥም እንደገና የተሠራ ነው፤ ሳያውቁ ሁለቱንም ከገዙ አንዱን ሙዚቃ ሁለት ጊዜ ከፈሉበት ማለት ነው። እኛ ጣሊያንኛውን እንመርጣለን፤ ዜማው የተሠራው ለዚያ ቋንቋ ነውና ቃሉ ከምቱ ጋር ይገጥማል። ፍለጋውም ወጥመድ አለው፦ «ኤግ» ወይም «ካን» ብለው ቢጽፉ እንቁላልና የሕንድ ተዋናይ ይመጣብዎታል። የባንዱን ስም ከአልበሙ ስምና ከመጀመሪያው የኅትመት ዓመት ጋር አብረው ይጻፉ። የሙዚቃ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት እንደገና የታተመበትን ዓመት ስለሆነ፣ የ1972ቱን አልበም 2010 የሚል ቁጥር ተለጥፎበት ቢያዩት ሌላ ሥራ ነው ብለው አይለፉት።

ጥያቄ፦ ምቱን መከተል አቃተኝ። አጨብጭቤ አብሬ እሄድና ድንገት እጄ ከድራሙ ይለያያል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቃው በየሰባት ምቱ እየዞረ ጆሮዎ ስምንተኛዋን ምት ጨምሮ ሊያሳርፈው ስለሚፈልግ ነው። በቁጥር መቁጠር በእኛ ቋንቋ አያዋጣም፤ «ስድስት» ላይ ሲደርሱ ምላስ ይጎተትና ምቱ ያመልጣል። በቁጥር ፋንታ ሁለት ቃል ይያዙ፦ ሁለት ምት የምትወስደዋን «ቡ-ና» እና ሦስት ምት የምትወስደዋን «በር-በ-ሬ»። «በርበሬ በርበሬ» ካሉ ስድስት ነው፤ ችክችካ ስለሆነ ሰውነትዎ ድሮም ያውቀዋል። «ቡና በርበሬ» አምስት፣ «ቡና ቡና በርበሬ» ሰባት ይሆናል። የሚያጨበጭቡት በየቃሉ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። «በርበሬ» አልቆ «ቡና» ሲመለስ ትንፋሽ አይውሰዱ፤ ስምንተኛዋ ምት ሾልካ የምትገባው እዚያች ቦታ ላይ ነች። ከፊት ይልቅ መጨረሻ ላይ ከባድ ሆኖ ከተሰማዎ «በርበሬ»ን አስቀድመው ይሞክሩ።

መለማመጃው የፒንክ ፍሎይድ «መኒ» ይሁን፤ ዝግ ያለ ሰባት ነው። ሳክስፎኑ ሲጫወት ሰባቱ አይለወጥም፤ የጊታሩ ሶሎ (የብቻ ጨዋታ) ሲገባ ግን ወደ አራት ይዞራል። ያቺን መዞሪያ በእጅዎ ከያዟት ሌላው ይቀላል። ከዚያ ወደ ኤግ የ1969 ነጠላ ዘፈን «ሰቨን ኢዝ ኤ ጆሊ ጉድ ታይም» ይለፉ፤ ግጥሙ ራሱ ስለ ምት አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ «ለ ኦርሜ» የተባለውን የጣሊያን ባንድ አልበም «ፌሎና ኤ ሶሮና»ን በኤምፒ3 አገኘሁ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ቅጭል እያለ ይቋረጣል። (ከዱባይ)

መልስ፦ የ1973ቱ አልበም ስለ ሁለት ፕላኔቶች የተነገረ አንድ ታሪክ ነው፤ ክፍሎቹ አንዱ ከሌላው ስለሚያያዙ መቆራረጡ ያበላሸዋል። ኤምፒ3 ድምፁን በ1,152 ናሙና (የድምፅ ቅጽበታዊ ልክ) እየሸነሸነ ያስቀምጣል፤ ይህ በሲዲ ጥራት 26 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። የመጨረሻው ሽንሽን ካልሞላ በዝምታ ይሞላል፤ መጀመሪያ ላይም ትንሽ ዝምታ ይጨመራል። የሰሙት ቅጭልታ ይኸው ነው። ፋይሎቹን አንድ ላይ መቀጠል አይጠቅምም፤ ዝምታው አብሮ ይቀጠላል። ሲዲው ካለዎት በፍላክ (ድምፁን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) እንደገና ይገልብጡት። በመተግበሪያ የሚሰሙ ከሆነ ያለ ክፍተት የሚያጫውተውን ምርጫ ያብሩ፣ ዘፈን ከዘፈን የሚያደባልቀውን ዜሮ ሰከንድ ላይ ያድርጉ፣ ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውንም ያጥፉ።

ጥያቄ፦ በዕብራይስጥ የተሠራ አለ? (ከሃይፋ)

መልስ፦ አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሽሎሞ ግሮኒች፣ ሼም ቶቭ ሌቪና ሽሎሞ ይዶቭ የሠሩትን «ክጻት አኸሬት» ያድምጡ፤ ስሙ «ትንሽ ለየት ያለ» ማለት ነው። ግሮኒችን በሌላ ሥራው ያውቁት ይሆናል፦ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቤተ እስራኤል ልጆች የሳባ መዘምራን ጋር፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስለተደረገው ጉዞ የተዘፈነውን ዜማ የደረሰው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን አልበም እንሰማለን። ውይይቱ «ወድጄዋለሁ፣ አልወደድኩትም» ከማለት አልፎ አያውቅም። አሁን ደግሞ አንዳችን «666» የሚል አልበም አመጣና ሁለቱ አንሰማም አሉ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከቁጥሩ እንጀምር። የግሪኩ ባንድ የአፍሮዳይትስ ቻይልድ «666» (1972) ከዮሐንስ ራእይ የተነሣ ሥራ ነው፤ ቁጥሩም ከምዕራፍ 13 ቁጥር 18 የተወሰደ ነው። በጉ፣ ሰባቱ ማኅተም፣ አራቱ ፈረሰኞች ሁሉ አሉበት። ዜማው የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች የቫንጌሊስ ነው፤ ከዘፋኞቹ አንዱ በኋላ በፍቅር ዘፈኖቹ የታወቀው ዴሚስ ሩሶስ ነው። ጓደኞቻችሁ ራእዩን አንብበው ቢመጡ ከማንኛችሁም በላይ የሚሉት ይኖራቸዋል።

ለውይይቱ፣ በአንድ ምሽት ከአንድ አዲስ አልበም በላይ አትስሙ፤ ሁለተኛው ሲገባ ጆሮ መስማቱን ትቶ ማወዳደር ይጀምራል። አልበሙን ያመጣው ሰው ቀድሞ የሚጮኸውን ቦታ ፈልጎ ድምፁን በዚያ ልክ ይወስን። እነዚህ አልበሞች ብዙዎቹ በሹክሹክታ ስለሚጀምሩ ሰው መጀመሪያ ላይ ድምፅ ይጨምራል፤ ባንዱ በሙሉ ሲገባ ደግሞ ለመቀነስ ይሯሯጣል፤ በዚህ መሐል ዋናው ቦታ ያልፋል። በመጀመሪያው ዙር ማንም አይናገር፤ እያንዳንዱ የነካውን ወይም ያሰለቸውን ቦታ በደቂቃና በሰከንድ ይጻፍ። «12፡40 ኦርጋኑ» ከተባለ እዚያው መልሶ አሰምቶ መከራከር ይቻላል። በሁለተኛው ዙር የተጻፉት ቦታዎች ላይ ብቻ ቁሙ። ያመጣው ሰው መጨረሻ ይናገር፤ አልበሙን ስለሚያውቀው ቀድሞ ከተናገረ ሌሎቹ በእሱ ጆሮ ይሰማሉ።

«666» ሁለት ሸክላ ስለሆነ ለሁለት ቅዳሜ ክፈሉት። በሁለተኛው ሸክላ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተዋናይዋ አይሪን ፓፓስ ከአምስት ደቂቃ በላይ የምታቃስትበትና የምትጮህበት ክፍል አለ፤ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ዝለሉት። የመጨረሻው ገጽ 19 ደቂቃ የሚያልፍ ቅንብር አለው፤ በውስጡ ቀደም ብለው የተሰሙት ዘፈኖች ቁርጥራጮች እየተመላለሱ ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ የቀረ ሰው ካለ፣ አንደኛውን ሸክላ ለብቻው ሰምቶ ይምጣ።